የሴሚስተሩን ጭነት በሰዓት አስልቶ በሳምንት ማደል፦ ለጎንደር የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዝርዝር መመሪያ

የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ቀላል ይመስላሉ። አውትላይን (የኮርሱ ዝርዝር ዕቅድ) ይታደላል፣ ቻፕተር አንድ ይጀመራል፣ ላይብረሪው ገና ወንበር አለው። ሰባተኛው ሳምንት ላይ የሦስት ኮርስ ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና)፣ ሁለት የቡድን አሳይመንትና አንድ ማካካሻ ክፍል ተደራርበው ይመጣሉ። ያኔ ሌሊቱን ማንጋት ይጀመራል፤ ካነጉ በኋላ ደግሞ የጠዋቱ ክፍል ያመልጣል።

አብዛኛው ተማሪ እዚህ ላይ የሚወድቀው ስለሰነፈ አይደለም። በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚጠበቅበት በቁጥር ስለማያውቀው ነው። «ዛሬ አነባለሁ» ይላል እንጂ «ዛሬ የሁለት ሰዓት ማትስ አለብኝ» አይልም። ይህ መመሪያ ያንን ቁጥር ለማውጣት፣ በሳምንቱ ውስጥ ለማስቀመጥና ሲበላሽ ለማቃናት ነው። ሥራው በመጀመሪያው ቀን ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ በሳምንት ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልጉ

- የምዝገባ ስሊፕ (የእያንዳንዱ ኮርስ ክሬዲት የተጻፈበት)
- የእያንዳንዱ ኮርስ አውትላይን
- የክፍል ፕሮግራም
- የዩኒቨርሲቲው የዓመቱ የትምህርት ካላንደር
- በዓላትና አጽዋማት ያሉበት የኢትዮጵያ ካላንደር
- ሁለት ኤ4 ወረቀት፣ እርሳስና ላጲስ

በእስክሪብቶ አትሥሩ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ፕሮግራሙ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይቀያየራል።

*አውትላይን ካልተሰጣችሁ፦* እስኪሰጥ አትጠብቁ። ያለፈውን ዓመት አውትላይን ከሲኒየር ውሰዱ። የቻፕተሮቹ ቅደም ተከተል ብዙ ጊዜ ያው ነው፤ የሚለወጠው የፈተናው ቀንና የነጥቡ ክፍፍል ስለሆነ እነዚህን ሁለቱን ባዶ ተዉአቸው።

ደረጃ 1፦ ክሬዲቱን ወደ ሰዓት ቀይሩ

በክሬዲት አወር ለሚማር፦ አንድ ክሬዲት ማለት በሳምንት 1 ሰዓት ክፍል ሲሆን፣ ከክፍል ውጭ ደግሞ 2 ሰዓት የግል ጥናት ይጠይቃል። ስለዚህ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ በሳምንት 9 ሰዓት ይወስዳል፤ 3 ክፍል ውስጥ፣ 6 በግል።

በኢሲቲኤስ (የተማሪውን ጠቅላላ የሥራ ሰዓት በሚቆጥረው የክሬዲት ሥርዓት) ለሚማር፦ በአገራችን ካሪኩለሞች 1 ኢሲቲኤስ 27 ሰዓት ሆኖ ይሰላል። ባለ 5 ኢሲቲኤስ ኮርስ በሴሚስተሩ 135 ሰዓት ነው ማለት ነው። ይህ ክፍሉን፣ ላቡን፣ አሳይመንቱንና ፈተናውን ሁሉ ያካትታል። 30 ኢሲቲኤስ የተመዘገበ ተማሪ 810 ሰዓት አለበት፤ ለ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 50 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ይሆናል።

ለምሳሌ አንድ የተፈጥሮ ሳይንስ ፍሬሽ (የአንደኛ ዓመት ተማሪ) ማትስ፣ ፊዚክስ፣ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ እንግሊዝኛና ጂኦግራፊ እያንዳንዳቸውን በ3 ክሬዲት ቢወስድ 18 ክሬዲት ይሆናል። በሳምንት 18 ሰዓት ክፍልና 36 ሰዓት የግል ጥናት፣ በድምሩ 54 ሰዓት። ይህንን ቁጥር በወረቀቱ አናት ላይ በትልቁ ጻፉት።

*ማስጠንቀቂያ፦* 36ቱን ሰዓት ለስድስቱ ኮርሶች እኩል 6፣ 6 አድርጋችሁ አትዝጉት። በ12ኛ ክፍል ፊዚክስ የከበደው ተማሪ ለፊዚክስ 9፣ ለጂኦግራፊ 4 ሊሰጥ ይችላል። ድምሩ ግን ከ36 እንዳይወርድ። ላብ ያለበት ኮርስ ላይ አንድ ክሬዲት 2 ወይም 3 ሰዓት የላብ ሥራ ሊሆን ስለሚችል ከአውትላይኑ ላይ አይታችሁ አስተካክሉ። የላብ ሪፖርት መጻፊያውን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ደረጃ 2፦ ከ168ቱ ሰዓት ቀንሱ

ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ዶርም ለሚያድር ተማሪ ሒሳቡ ወደዚህ ይጠጋል፦

- እንቅልፍ፣ በቀን 7 ሰዓት፦ 49
- ምግብ ከካፌው ሰልፍ ጋር፣ በቀን 2 ሰዓት፦ 14
- ገላና ልብስ ማጠብ፣ ውሃ መቅዳት፦ 6
- መመላለሻ፦ 5
- ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ወደ ቤት መደወል፣ ጓደኛ፣ ዕረፍት፦ 14

ድምሩ 88 ነው። 80 ሰዓት ይቀራል። ክፍሉ 18 ሲወስድ 62፣ የግል ጥናቱ 36 ሲወስድ 26 ሰዓት ይተርፋል።

ትርፉ ብዙ ስለሚመስል እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይዘናጋል። 26ቱ ሰዓት ግን አንድ ላይ ተቀምጦ አይጠብቃችሁም። በሁለት ክፍል መካከል ያለች 50 ደቂቃ፣ ከምሳ በኋላ ያለች 1 ሰዓት እያለ የተበታተነ ነው። ስልክ የሚበላው ይህንን ነው።

የራሳችሁን ቁጥር ለኩ። ከማራኪ ግቢ ቴዎድሮስ ግቢ የሚመላለስ፣ ከአዘዞ ወይም ከጠዳ በታክሲ የሚመጣ ተማሪ 5 ሰዓት አይበቃውም። አንድ ሙሉ ሳምንት ከበር እስከ በር ያለውን በሰዓት ይያዝ፤ ታክሲ የሚጠበቅበትም ይቆጠር። ኖን ካፌ የሆነም (ከግቢው ካፌ የማይመገብ) ምግብ ፍለጋ የሚወጣበትን ይጨምር። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ዶርም ልብስ የሚታጠበው ውሃው በመጣ ቀን እንጂ በፕሮግራም ስላልሆነ፣ ለእሱ የተወሰነ ቀን አትያዙለት፤ ሰዓቱን ብቻ ቀንሱ።

ደረጃ 3፦ የራሳችሁን ፍጥነት ለኩ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ዕቅዱ በሁለተኛው ሳምንት ይፈርስበታል።

1. ከአንድ ሞጁል ያላነበባችሁትን 10 ገጽ ምረጡ።
2. ስልኩን ዝጉ፤ ሰዓት በሌላ ነገር ያዙ።
3. ስትፈተኑ በምትፈልጉት ዓይነት፣ ማስታወሻ እየያዛችሁ አንብቡ።
4. ሲያልቅ ሞጁሉን ክደኑና ዋና ዋናውን በቃላችሁ ጻፉ። ይህም ከሰዓቱ ይቆጠር።
5. ደቂቃውን ለ10 አካፍሉ።

75 ደቂቃ ከወሰደባችሁ ፍጥነታችሁ በገጽ ሰባት ደቂቃ ተኩል ነው። 210 ገጽ ያለው ሞጁል 26 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይፈልጋል። አሁን «ሞጁሉን በሁለት ሌሊት እጨርሰዋለሁ» የሚለው ነገር የማይሆንበት ምክንያት ከፊታችሁ ተጽፏል።

ለማትስ፣ ለፊዚክስ፣ ለአካውንቲንግና ለመሰሉት በገጽ አትለኩ። ከወርክሺቱ 5 ጥያቄ መልሱን ሳታዩ ሥሩና በጥያቄ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ ያዙ። የተሠራ ጥያቄ ማየትና ራስ መሥራት የተለያዩ ናቸው፤ ዓይን «ገባኝ» ያለውን እጅ ሲሞክረው አይወጣም።

*ልኬቱ በጣም ከዘገየ፦* እንግሊዝኛው ነው ወይስ ይዘቱ? አንድ አንቀጽ በአማርኛ ለጓደኛ ለማስረዳት ሞክሩ። ካስረዳችሁ ይዘቱ ገብቷችኋል፤ የቃላት ጉዳይ ስለሆነ በየቻፕተሩ ከ20 እስከ 30 ቃላት ያለው ዝርዝር ያዙ፣ በሦስተኛው ቻፕተር ፍጥነቱ ይሻላል። ማስረዳት ካቃታችሁ ደግሞ የጎደለው መሠረት ነው፤ ወደ 11ኛና 12ኛ ክፍል መጽሐፍ ተመለሱ። ይህ የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ ከሁሉም አጭሩ መንገድ ነው።

ደረጃ 4፦ የሳምንቱን ሰንጠረዥ ሙሉት

በአንዱ ኤ4 ላይ ሰባት ዓምድ አስምሩ። በዚህ ቅደም ተከተል ብቻ ሙሉ፦

1. ክፍልና ላብ።
2. እንቅልፍ። ከሌሊቱ 4:30 እስከ 11:30 ከሆነ እንደ ክፍል ቆጥራችሁ ጻፉት።
3. ምግብና አምልኮ።
4. የዕለቱን ክፍል በዕለቱ መከለሻ፣ ለእያንዳንዱ ኮርስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ።
5. ከባዱ ኮርስ፣ አእምሯችሁ ንቁ በሆነበት ሰዓት።
6. የንባብ ኮርሶች በቀረው።
7. ባዶ ቦታ። በሥራ ቀናት በየቀኑ 2 ሰዓት ምንም ሳይጻፍበት ይቀመጥ።

ሰባተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ማካካሻ ክፍል፣ የመብራት መጥፋት፣ ሰልፍ፣ የጓደኛ መታመም የሚገቡት እዚያ ነው። ባዶ ቦታ የሌለው ዕቅድ አንድ ነገር ሲነካው ሁሉም ይናዳል።

አንድ ማክሰኞ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

- ከጠዋቱ 2:00–4:00 ማትስ ክፍል
- 4:00–5:00 ሳይኮሎጂ ክፍል
- 5:00–6:00 የሁለቱን ክለሳ፣ ክፍሉ ባዶ ከሆነ እዚያው ወንበር ላይ
- 6:00–8:00 ምሳና ዕረፍት
- 8:00–10:00 የማትስ ጥያቄ መሥራት፣ መሀል ላይ 10 ደቂቃ ዕረፍት
- 10:00–12:00 ባዶ
- ከምሽቱ 12:00–1:30 እራት
- 1:30–3:30 ሳይኮሎጂ ንባብ

የግል ጥናቱ 5 ሰዓት ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ እንዲህ ከሄደ 25፣ ቅዳሜ 6፣ እሑድ 5 ሲጨመር 36 ይሞላል። ሌሊት ማንጋት አላስፈለገም።

*ማስጠንቀቂያ፦* ከ5:00–6:00 ያለችውን ሰዓት ዶርም ሄዳችሁ አታሳልፉ። አልጋ ላይ ጋደም ያለ ሰው ለምሳ እንጂ ለክለሳ አይነሳም። ክለሳው ማለት ደብተሩን ደግሞ ማንበብ አይደለም፤ ከድናችሁ መምህሩ ያለውን መጻፍ፣ ያልመጣላችሁን ብቻ ከፍቶ ማየት ነው።

መብራት ሊጠፋ እንደሚችል ታስቦ ይሠራ። ፒዲኤፉን በቀን፣ ኔትዎርኩ ሻል ባለበት ሰዓት አውርዱ። ለማታ የሚነበበውን ሃንድአውት ቢያንስ ዋና ዋናውን ፕሪንት አድርጉ። በቻርጅ የሚሠራ የእጅ መብራት ከላይኛው አልጋ ሐዲድ ላይ ማሰር ለጎረቤታችሁም ይጠቅማል።

ደረጃ 5፦ የሴሚስተሩን ካርታ በአንድ ገጽ አውጡ

ሁለተኛው ኤ4 ላይ 16 ሳጥን ሥሩ፣ ለአንድ ሳምንት አንድ። በየሳጥኑ የኩዊዝ፣ የሚድ፣ የአሳይመንት፣ የፕረዘንቴሽን ቀኖችን ጻፉ። ሦስትና ከዚያ በላይ የተጻፈበትን ሳጥን አክብቡት። ከዚያ ከእያንዳንዱ የተከበበ ሳጥን ሁለት ሳምንት ወደ ኋላ ቁጠሩና «ከዚህ ጀምር» ብላችሁ ጻፉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ለሚድ መዘጋጀት የሚጀመረው የሚድ ፕሮግራም ሲለጠፍ አይደለም።

የጎንደር ተማሪ በካርታው ላይ ጥምቀትን ማስገባት አለበት። ጥር 10 ከተራ፣ 11 ጥምቀት፣ 12 ቃና ዘገሊላ ነው። በነዚህ ሦስት ቀናት ከተማው በሙሉ ወደ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ያቀናል፣ ታክሲና ባጃጅ ይቸግራል፣ ከቤተሰብ እንግዳ ይመጣል። «ማታ ማታ አነባለሁ» ብሎ ራስን ማታለል አያስፈልግም፤ ዜሮ ሰዓት ብላችሁ ጻፉ። በቀን 5 ሰዓት ገደማ ከሆነ የሦስቱ ቀን ዕዳ 15 ሰዓት ነው። ቀድሞ ባሉት ሁለት ሳምንታት ባዶ ቦታችሁ 20 ሰዓት ስለሆነ ከዚያ ላይ 15ቱን አስቀድማችሁ ክፈሉ። ከዚያ በዓሉን በሰላም አክብሩ። በተለይ ፋይናል ጥር መጨረሻ ወይም የካቲት ላይ ከሆነ ይህን ያላደረገ ሰው ከበዓሉ ማግስት ጀምሮ ይንገዳገዳል።

በሁለተኛው ሴሚስተር ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ተማሪ ከባዱን ጥናት ከንጋት እስከ ረፋድ ያምጣው፤ ከ6:00 እስከ 9:00 ማስታወሻ መገልበጥና ቀላል ነገር ይሥራበት። ረመዳን የሚጾም ደግሞ ከሱሁር በኋላ ያለችውን ጸጥ ያለች ሰዓት ለማትስ ይያዛት፣ የከሰዓቱን ንባብ ከአፍጥር በኋላ ያድርገው።

ደረጃ 6፦ እሑድ ማታ ሒሳብ ተሳሰቡ

30 ደቂቃ ብቻ።

1. የታቀደው ስንት ሰዓት ነበር፣ የተሠራውስ? ላይብረሪ የተቀመጣችሁበትን ሳይሆን የሠራችሁበትን ጻፉ።
2. የቀረውን በቻፕተር ሳይሆን በሰዓት ጻፉ። «ሁለት ቻፕተር ቀረኝ» ያስፈራል እንጂ ምን እንደሚደረግ አይነግርም። «38 ገጽ፣ 5 ሰዓት ቀረኝ» ይነግራል።
3. ለሚቀጥለው ሳምንት ባዶ ቦታዎች ላይ አስገቡት።
4. ሦስት ሳምንት በተከታታይ ከታቀደው ሲሦው ከቀረ፣ ጥፋቱ የዕቅዱ ነው። ወደ ደረጃ 2 ተመለሱና የረሳችሁትን ፈልጉ።

ሲበላሽ ምን ይደረግ

*ወደ ኋላ ቀርታችኋል።* የዛሬውን ክፍል ትታችሁ የድሮውን ለመጨረስ አትሩጡ፤ ነገ የዛሬውም ዕዳ ይሆናል። የዛሬው በዛሬ ይሠራ፤ ዕዳው ከባዶ ቦታው ግማሽ ብቻ ይውሰድ። 9 ሰዓት ዕዳና በሳምንት 10 ሰዓት ባዶ ካላችሁ በ5፣ በ5 ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ዕዳውን ከገጽ 1 አትጀምሩት፤ ወርክሺቱን ሞክሩና የወደቃችሁበትን ክፍል ብቻ አንብቡ።

*የሚድ ውጤት ዝቅ ብሏል።* አታልቅሱ፣ አስሉ። ተከታታይ ምዘናው ከ50፣ ፋይናሉ ከ50 ነው እንበል። ከመጀመሪያው 21 ካመጣችሁ፣ ሲ ከ50 በሚጀምርበት ሚዛን ከፋይናሉ 29 ያስፈልጋል፤ ይቻላል። ቢ ከ70 የሚጀምር ከሆነ 49 ከ50 ያስፈልጋል፤ አይታሰብም። ስለዚህ ለዚያ ኮርስ ለሲ የሚበቃውን ሰዓት ስጡና የተረፈውን ቢ ሊሆን ወደሚችለው ኮርስ አዙሩ። በ18 ክሬዲት ውስጥ አንድ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ከሲ ወደ ቢ ሲያድግ የሴሚስተሩ ጂፒኤ በ0.17 ገደማ ከፍ ይላል፤ ባለ 2 ክሬዲቱ በ0.11 ነው። ለፍሬሽ ይህ ልዩነት የዲፓርትመንት ምርጫን ሊወስን ይችላል። የደረጃ ሚዛኑን ከተማሪ መመሪያው ላይ አረጋግጡ።

*የቡድን አሳይመንቱን አንድ ሰው ይሠራዋል።* በተሰጠበት ቀን ክፍፍሉን ከነስሙ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ጻፉ። የውስጥ ማስረከቢያውን ከእውነተኛው ቀን 4 ቀን አስቀድሙ። ያላስረከበ ሰው ካለ መምህሩን ያኔውኑ፣ በትሕትና አነጋግሩ። በማስረከቢያው ጠዋት የሚቀርብ አቤቱታ የሚሰማው የለም።

*ማካካሻ ክፍል ቅዳሜ ተጠርቷል።* የቅዳሜውን ጥናት ወደ ባዶ ቦታ አዛውሩ እንጂ አትሰርዙት። በአንድ ሳምንት ከሁለት በላይ ከሆነ የክፍል ተጠሪው መምህራኑን ቀን እንዲያለያዩ ይጠይቅ።

*ፈተናው ነገ ነው፣ ገና ግማሽ ቀርቷል።* በቡናም ሆነ በጫት አታንጉ። ያነጋ ሰው ያነበበው ፈተና ላይ ይደባለቅበታል፤ ከነገ ወዲያ ያለውን ፈተናም ይዞ ይወድቃል። በየቻፕተሩ መጨረሻ ያለውን ማጠቃለያና የድሮ ጥያቄዎችን እስከ ሌሊቱ 5:00 አይታችሁ ተኙ፣ 11:00 ተነሱ።

*ታማችኋል።* በዚያው ቀን ወደ ተማሪ ክሊኒክ ሂዱና ወረቀት ያዙ። ከዳናችሁ በኋላ የሚመጣ ወረቀት ብዙ ጊዜ ተቀባይነት ያጣል። ያመለጠ ኩዊዝ ካለ መምህሩን በተመለሳችሁበት የመጀመሪያ ቀን አግኙ።

*ከአቅም በላይ ሆኗል።* መጀመሪያ የአድና ድሮፕ (ኮርስ መጨመሪያና ማውረጃ) ጊዜው አልፎ እንደሆነ ካላንደሩን እዩ፤ ካላለፈ ከአድቫይዘራችሁ ጋር አንድ ኮርስ ማውረድ ይቻል እንደሆነ ተነጋገሩ። የወረደው ኮርስ ለሌላ ኮርስ ቅድመ ሁኔታ ከሆነ አንድ ዓመት ሊያዘገይ ስለሚችል ይህን ጠይቁ። ትምህርቱን ለጊዜው ማቋረጥ ግድ ከሆነ የዊዝድሮው (የማቋረጫ) ፎርም ሞልታችሁ፣ ክሊራንስ (ከዩኒቨርሲቲው ንብረት ዕዳ ነጻ የመሆን ማረጋገጫ) ጨርሳችሁ ውጡ። ሳይናገሩ ሻንጣ ይዞ መውጣት የሴሚስተሩን ኮርሶች ሁሉ ኤፍ ሊያደርግና መመለሻውን ሊዘጋ ይችላል።

ለጥቂት ተማሪዎች የሚለይ ነገር

የሕክምና ተማሪ አታችመንት (የሆስፒታል ልምምድ) ሲጀምር የክሬዲቱ ስሌት አይሠራለትም። ዋርድ የሚቆይበትን ሰዓትና ዲዩቲውን (ተረኛ የሚሆንበትን) አስቀድሞ ይጻፍ፤ ከዲዩቲ ማግስት ያለው ከሰዓት እንቅልፍ ነው፣ ንባብ አይያዝበት። በዕለቱ ያየውን ታካሚ ሕመም በዚያው ማታ 40 ደቂቃ ማንበብ ቅዳሜ አምስት ሰዓት ከማንበብ ይሻላል።

እየሠራ በማታ ወይም በቅዳሜና እሑድ የሚማር ሰው ክሬዲቱን በ3 አባዝቶ ይጀምር። 12 ክሬዲት 36 ሰዓት ነው። ከሥራው ጋር ካልገጠመ 9 ወስዶ መጨረስ 12 ተመዝግቦ ሁለት ኮርስ ከመድገም ይቀላል።

ተመራቂ ዓመት የደረሰ ደግሞ የመውጫ ፈተናን በካርታው ላይ ያስገባ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ግዴታ ሲሆን ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ፈተናው ከሦስትና ከአራት ዓመት በፊት የተወሰዱ ኮርሶችንም ስለሚያካትት ከተመራቂ ዓመት መጀመሪያ አንስቶ በሳምንት 3 ሰዓት ያዙለት፣ አንድ ኮርስ በሁለት ሳምንት። የፕሮጀክት ወይም የሪሰርች ሥራው እነዚህን 3 ሰዓታት እንዳይወስዳቸው ከአድቫይዘር ጋር ከምትገናኙበት ቀን ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጧቸው።